ዣክ ሞኖና የባክቴሪያ የስኳር ምርጫ

የታላላቅ ሊቃውንት ታሪክ ለተማሪዎች በሚነገርበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሊቃውንቱ ከልጅነታቸው ጀምረው መንገዳቸውን ለይተው ያወቁ፣ ሳይሳሳቱና ሳያመነቱ ከግባቸው የደረሱ ተደርገው ይቀርባሉ። እንዲህ ያለው አቀራረብ ሰሚውን ደስ ቢያሰኝም ለተማሪው የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው፤ መንገድ የጠፋበት ልጅ፣ መንገድ ከቶ ጠፍቶበት ከማያውቅ ሰው ብዙ ሊማር አይችልምና። የፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ የዣክ ሞኖ ሕይወት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሥራው ተለይቶ ያልታወቀ፣ የዶክትርና ድርሰቱ ጥቅም የለውም የተባለ፣ ለብዙ ዓመታት አጥብቆ የያዘው ሐሳብም በራሱ ሙከራ የተገለበጠበት ሰው ነበር። በመጨረሻ ግን በዓይን የማትታየው ባክቴሪያ ከቀረቡላት የስኳር ዓይነቶች መካከል እንዴት እንደምትመርጥ በመግለጥ፣ ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ በዘሩ የተቀበለውን ትእዛዝ መቼ እንደሚሠራበትና መቼ እንደሚያቆየው ለማወቅ በሩን ከፈተ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና መምህራኑ

ዣክ ሞኖ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1910 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሠዓሊና የዳርዊንን ሥራ የሚያደንቁ አንባቢ ነበሩ፤ እናቱ የአሜሪካ ተወላጅ ነበሩ። በልጅነቱ የያዘው የሽባነት በሽታ አንድ እግሩን አስልሎት ስለ ነበር ጉዳቱ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። ይሁን እንጂ ገደል ከመውጣትም ሆነ በጀልባ ባሕር ከመቅዘፍ አላገደውም።

በ1917 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ በደቡብ ፈረንሳይ በባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ካን ከተማ ተዛወረ፤ ዣክም እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ተማረ። ካስተማሩት መካከል የግሪክ ቋንቋ መምህሩ ዶር ደ ላ ሱሼር በልቡ ታትመው ቀሩ። እኚህ መምህር በአቅራቢያው ባለችው በአንቲብ ከተማ ቤተ መዘክር ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። ሞኖ ከብዙ ዓመታት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተቀብሎ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ በጻፈ ጊዜ የእኚህን መምህር ስም ጠርቶ አመስግኖአል። ባክቴሪያ የሚመረምር ሊቅ የግሪክ ቋንቋ መምህሩን ማስታወሱ ሊያስደንቅ አይገባም፤ መምህር ከሚያስተምረው ትምህርት በላይ ለተማሪው የሚያወርሰው የአስተሳሰብ ልማድ አለና።

ሞኖ በ1928 ዓ.ም. ሥነ ሕይወትን ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደ። በዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን ትምህርት ግን ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ አገኘው። ትክክለኛውን ትምህርት ያገኘው በዕድሜ ጥቂት ከሚበልጡት ከአራት ተመራማሪዎች ነው። ዦርዥ ቴሲዬ ነገርን በቍጥር መግለጥን፣ አንድሬ ልዎፍ የረቂቅ ሕያዋንን ጥናት፣ ቦሪስ ኤፍሩሲ የተወራሽ ጠባይን ምርምር፣ ሉዊ ራፕኪን ደግሞ የሕያዋን ሥራ በመጨረሻ በኬሚስትሪ ካልተገለጠ የተሟላ ማብራሪያ እንደማይገኝለት አስተማሩት። የኋላ ሥራው ሁሉ በእነዚህ አራት ትምህርቶች ላይ የቆመ ነው።

ዳሩ ግን ወጣቱ ገና አልረጋም ነበር። ቼሎ ይጫወታል፤ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን ዝማሬዎች የሚያሰማ ማኅበር ይመራል፤ ሳይንስን ትቶ ሙዚቃን ሥራው ለማድረግም ያስብ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ፑርኳ ፓ በተባለው መርከብ ለምርምር ወደ ግሪንላንድ ተጓዘ። በ1936 ዓ.ም. ዳግመኛ ሊሄድ ሲሰናዳ ኤፍሩሲ አግባብቶ የተወራሽ ጠባይን ትምህርት እንዲያጠና ወደ ካሊፎርኒያ ወሰደው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር መርከቡ በአይስላንድ አጠገብ ተሰበረና ከአንድ ሰው በቀር ተሳፋሪው ሁሉ አለቀ። ሞኖ በዚህ አኳኋን ሕይወቱ ቢተርፍም በካሊፎርኒያ ከምርምሩ ይልቅ ለሙዚቃው በማድላቱ በሳይንስ ረገድ ይህ ነው የሚባል ፍሬ ሳይዝ ተመለሰ።

ሁለት እርከን ያለው መሥመር

ከጉዞው ከተመለሰ በኋላ ሞኖ የልዎፍን ምክር ተከትሎ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚያድግ መመርመር ጀመረ። ከመረጣቸው አንዱ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢሼሪኪያ ኮላይ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር 500ኛ እጅ ገደማ ነው። ሙከራው ለማንኛውም የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ የማይከብድ ነበር። ጥቂት ጨዎችና የታወቀ መጠን ያለው ስኳር በውሃ ይበጠበጣል፤ ባክቴሪያ ይጨመርበታል፤ ባክቴሪያው በበዛ ቍጥር ውሃው እየደፈረሰ ስለሚሄድ የድፍርስነቱ መጠን በየጊዜው ተለክቶ በመሥመር ይሣላል። የቀረበው ስኳር አንድ ዓይነት ሲሆን መሥመሩ ያለ ማቋረጥ ይወጣል፤ ስኳሩ ባለቀ ጊዜም ይቆማል።

ሞኖ ሁለት ዓይነት ስኳር ቀላቅሎ ባቀረበ ጊዜ ግን አንዳንዶቹ ቅልቅሎች ያልተጠበቀ ውጤት ሰጡ። ለምሳሌ ግሉኮስና የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ በአንድነት ሲቀርቡ መሥመሩ መጀመሪያ ይወጣል፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ ቀጥሎ እንደገና መውጣት ይጀምራል። የሁለቱን ስኳሮች ሚዛን በለዋወጠ ጊዜም የመጀመሪያው እርከን ከፍታ በአንደኛው ስኳር መጠን፣ የሁለተኛው ደግሞ በሌላው መጠን ልክ የሚወሰን ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ባክቴሪያው ሁለቱን ስኳሮች በአንድ ጊዜ አይመገብም፤ ግሉኮሱን ሳይጨርስ ላክቶሱን አይነካም ማለት ነው። ሞኖ ይህን ሁኔታ ዲዮክሲ ብሎ ሰየመው፤ ትርጕሙ ድርብ ዕድገት ነው። የግሪክ ቋንቋ ትምህርቱም በዚህ ጠቀመው።

ነገሩን በቤት ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። የተፈጨ ዱቄት በቤት ውስጥ ሳለ እህል ተሸክሞ ወደ ወፍጮ የሚሄድ የለም። ግሉኮስ ለባክቴሪያው እንደ ተዘጋጀ ዱቄት ነው። ላክቶስ ግን ግሉኮስና ጋላክቶስ የተባሉት ሁለት ስኳሮች የተጣመሩበት ስለ ሆነ ከጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት መከፈል አለበት። የሚከፍለው ወፍጮ ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ነው። በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ዝምታ እንግዲህ ባክቴሪያው ወፍጮውን የሚተክልበት ጊዜ ነው።

ሞኖ በመጀመሪያ ይህን ትርጕም አላወቀውም። በ1940 ዓ.ም. መጨረሻ መሥመሩን ለልዎፍ ባሳየው ጊዜ፣ ልዎፍ ነገሩ ኤንዛይም ከምግቡ ጋር ከመስማማቱ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ነገረው። አንዳንድ ኤንዛይሞች ሁልጊዜ በባክቴሪያ ውስጥ እንደሚገኙ፣ ሌሎቹ ግን የሚሠሩበት ምግብ ሲቀርብ ብቻ እንደሚገኙ ካርስትረም የተባለ የፊንላንድ ሊቅ በ1930ዎቹ አስረድቶ ነበር። ሞኖ ስለዚህ ነገር ከዚያ በፊት የሰማው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ ከዚህ ጥያቄ አልራቀም። በ1941 ዓ.ም. ድርሰቱን ለሶርቦን አቅርቦ ዶክተር ሆነ፤ ይሁን እንጂ ከዩኒቨርሲቲው ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሥራው ለሶርቦን የሚጠቅም አይደለም ማለታቸውን ልዎፍ በኋላ አስታውሶአል።

የውስጥ አርበኛው

በዚያን ጊዜ ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ ነበረች። ሞኖ ቀን ባክቴሪያውን እየለካ በስውር የውስጥ አርበኞችን ትግል ተቀላቀለ። የአርበኝነት ስሙ ማሊቬር ነበር። ምስጢራዊ ወረቀቶችን በሥራ ክፍሉ ደጃፍ በቆመ የቀጭኔ አፅም የእግር አጥንት ውስጥ ይደብቅ እንደ ነበር ይነገራል። የጠላት ፖሊስ እየፈለገው መሆኑ በታወቀ ጊዜም የሶርቦንን ላቦራቶሪ ትቶ በፓስተር ተቋም በልዎፍ ዘንድ ተጠግቶ ሙከራውን ቀጠለ። በ1944 ዓ.ም. ፓሪስ ነጻ ስትወጣ በአርበኞቹ ጠቅላይ መምሪያ ውስጥ ከነበሩት ኀላፊዎች አንዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ ጦር መኰንን ሆኖ ሲያገለግል፣ ከአሜሪካ ጦር ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት የምርምር ጽሑፎችን አገኘ። አንደኛው ባክቴሪያ የዘር ለውጥ የሚያገኘው በአጋጣሚ እንጂ በአካባቢው ትእዛዝ አለመሆኑን ሉሪያና ዴልብሩክ በ1943 ዓ.ም. የገለጡበት ነው። ሁለተኛው የተወራሽ ጠባይ ተሸካሚው ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን ኤቨሪና ባልደረቦቹ በ1944 ዓ.ም. ያሳዩበት ነው። ሞኖ ጦርነቱ ሲያበቃ በ1945 ዓ.ም. ወደ ፓስተር ተቋም ገባ።

ሐሰትን ስለ መቃወም

በ1948 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ሊሴንኮ የተባለው ሰው የመንግሥትን ድጋፍ ይዞ፣ ሕያዋን ከአካባቢያቸው ያገኙትን ጠባይ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ የሚለውን አስተያየቱን የአገሩ ብቸኛ ትምህርት አደረገው። የጄኔቲክስ መምህራን ከሥራቸው ተባረሩ፤ መጻሕፍቱም ተለወጡ። ከዚያ በፊት ይህን አስተያየት የተቃወመው ቫቪሎቭ በ1943 ዓ.ም. በእስር ቤት ሞቶ ነበር። ቫቪሎቭ በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር የሰበሰበ፣ አገራችንንም ከዓለም የእህል ዘር መገኛዎች አንዷ መሆኗን የመሰከረላት ሊቅ ነው።

ሞኖ በአርበኝነቱ ዘመን የኮሙኒስት ፓርቲ አባል የነበረ ቢሆንም በሴፕቴምበር 1948 ዓ.ም. ኮምባ በተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ላይ ሊሴንኮን የሚቃወም ጽሑፍ አወጣ። ከፓርቲውም ተለየ። ነገሩ ከራሱ ምርምር የራቀ አልነበረም። ባክቴሪያው ላክቶስ ሲቀርብለት አዲስ ኤንዛይም ማውጣቱን ላይ ላዩን የተመለከተ ሰው፣ ምግቡ ሕዋሱን አዲስ ጠባይ አስተማረው ሊል ይችላልና። በ1953 ዓ.ም. ሞኖና አራት ባልደረቦቹ መስማማት የሚለው ቃል ለዚህ ስሕተት በር እንዳይከፍት ማነሣሣት በሚል ቃል እንዲተካ በጋራ አሳሰቡ። ቃልን መምረጥ ሐሳብን ማጥራት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

የተገለበጠው ሐሳብ

ይሁንና ሞኖ ራሱ ከተሳሳተ ሐሳብ ነጻ አልነበረም። በመጀመሪያ ኤንዛይሙ ቅርጹን የሚያገኘው በስኳሩ ላይ እንደ ቅርጽ ማውጫ ተደግፎ ይመስለው ነበር። ከአሜሪካ ከመጣው ከሜልቪን ኮን ጋር የሠራቸው ሙከራዎች ይህን አፈረሱ። ኤንዛይሙ ሊከፍላቸው የማይችል፣ ነገር ግን እንዲመረት አጥብቀው የሚያነሣሡ ንጥረ ነገሮች ተገኙ። ከኤንዛይሙ ጋር ተጣብቀው ግን ምንም የማያነሣሡም ተገኙ። ኤንዛይሙ ከቀድሞ ፕሮቲን ተለውጦ የሚሠራ ሳይሆን ከአሚኖ አሲዶች እንደ አዲስ የሚገነባ መሆኑም ታወቀ።

የቀረው እንቆቅልሽ ላክቶስ ሳይቀርብላቸው ኤንዛይሙን ዘወትር የሚያመርቱ፣ የዘር ለውጥ የደረሰባቸው ባክቴሪያዎች ነገር ነበር። ሞኖ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚያነሣሣ ንጥረ ነገር በውስጣቸው የሚሠሩ መሰለው። በእርሱ አስተያየት ስኳሩ አዛዥ ነበር፤ አዛዥ በሌለበትም ሥራው ሊሠራ አይችልም ነበር።

በ1957 ዓ.ም. አሜሪካዊው አርተር ፓርዲ፣ ፍራንሷ ዣኮብና ሞኖ ነገሩን የሚፈትን ሙከራ ጀመሩ። ዣኮብ በ1944 ዓ.ም. በኖርማንዲ በጦርነት ክፉኛ ቆስሎ፣ የቀዶ ጥገና ሐኪም የመሆን ተስፋው ስለ ተቋረጠ ወደ ምርምር የገባ ሰው ነው። ባክቴሪያዎች እየተጣመሩ አንዱ ለሌላው ጂን እንደሚሰጥ ስለ ታወቀ፣ ኤንዛይሙን የማዘጋጀት ጂንና ሥራውን የሚቈጣጠረውን ጂን ከጤነኛው ባክቴሪያ ወደ ጐደለው ባክቴሪያ አስተላለፉ። የሞኖ ሐሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ ተቀባዩ ኤንዛይሙን ያለ ስኳር ማምረቱን ይቀጥል ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው። ጂኑ እንደ ገባ ኤንዛይሙ ወዲያው በሙሉ ኀይል መመረት ጀመረ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ግን የሚያነሣሣ ንጥረ ነገር ካልተጨመረ በቀር ምርቱ ቆመ።

ይህ ምን ማለት ነው? ተቈጣጣሪው ጂን ቀስ በቀስ አንድ ከልካይ ያዘጋጃል፤ ከልካዩ እስኪበዛ ድረስ ሥራው ይሠራል፤ ከበዛ በኋላ ይታገዳል። እንግዲህ ስኳሩ አዛዥ አይደለም፤ ሥራው ከልካዩን ከቦታው ማስነሣት ብቻ ነው። የሃንጋሪ ተወላጅ የሆነው የፊዚክስ ሊቅ ሌኦ ሲላርድም ነገሩን በዚህ በኩል እንዲመለከተው ሞኖን ገፋፍቶት ነበር። ሞኖ ለዓመታት የያዘውን ሐሳብ ትቶ ማስረጃው ወደ መራው ዞረ። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠውን ፍሬ ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

የኦፔሮን ትምህርት

ዣኮብ በ1958 ዓ.ም. በባክቴሪያ ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ቫይረስም በተመሳሳይ ከልካይ ታግዶ እንደሚቆይ ስለ ተረዳ፣ ሁለቱ ምርምሮች ተገናኙ። በ1960 እና በ1961 ዓ.ም. የወጡት ጽሑፎች አሠራሩን እንዲህ ያስረዳሉ። ወፍጮው የሆነው ቤታ ጋላክቶሲዴዝ፣ ላክቶሱን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባው ፐርሚዬዝና ሦስተኛ ኤንዛይም የሚገኙባቸው ጂኖች በዲ.ኤን.ኤ.ው ላይ ጐን ለጐን ተሰልፈዋል። በግንባራቸውም የከልካዩ መቀመጫ አለ። ይህ ሁሉ በአንድነት ኦፔሮን ይባላል። ላክቶስ በሌለ ጊዜ ከልካዩ በመቀመጫው ላይ ስለሚሆን የጂኖቹ ትእዛዝ አይገለበጥም። ላክቶስ ሲገባ ከርሱ የተገኘ ንጥረ ነገር ከልካዩን ይይዘውና ከመቀመጫው ያስለቅቀዋል። ያን ጊዜ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ተገልብጦ ኤንዛይሞቹ በአንድነት ይመረታሉ፤ የቤታ ጋላክቶሲዴዝ መጠንም እስከ 1,000 እጥፍ ያድጋል። ላክቶሱ ሲያልቅ ከልካዩ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። ከልካዩ ግን በሩን ጨርሶ አይዘጋም፤ ጥቂት ኤንዛይም ዘወትር ስለሚኖር የመጀመሪያው ላክቶስ መግቢያ አያጣም።

ከሦስቱ ሊቃውንት ማለት ከልዎፍ፣ ከዣኮብና ከሞኖ ሥራ የተነሣ የ1965 ዓ.ም. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለፈረንሳይ ተሰጠ። አገሪቱ በሳይንስ ይህን ሽልማት ካገኘች ሠላሳ ዓመት ሆኖአት ነበር። ሞኖ በክብሩ ጊዜ ዝም አላለም፤ የአገሩ ከፍተኛ ትምህርት አደረጃጀት ለወጣት ተመራማሪዎች እንቅፋት መሆኑን በግልጥ ተናገረ።

ትምህርቱ ግን በዚያ አላበቃም። ዣኮብና ሞኖ ከልካዩን አር.ኤን.ኤ. ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. ጊልበርትና ሙለር ሂል በአሜሪካ ለይተው ባወጡት ጊዜ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። እንዲሁም ኢንግልስበርግ የተባለው አሜሪካዊ፣ አራቢኖስ ለተባለው ስኳር የሚያገለግሉት ጂኖች ከመከልከል ሌላ የሚያበረታታ ፕሮቲን እንደሚያስፈልጋቸው አስረዳ፤ ብዙዎች ግን የመከልከልን ትምህርት ስለ ወደዱት ይህን ለመቀበል ዘገዩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለት ግሉኮስ ሳለ ላክቶስ ለምን እንደማይነካ፣ ገና አልተመለሰም ነበር። ለዚህ መልስ የደከመችው የሃንጋሪ ተወላጅ አኘስ ኡልማን ናት። ሞኖ በ1960 ዓ.ም. እርሷና ባለቤቷ በተጎታች ቤት ውስጥ ተደብቀው ከአገራቸው ወደ ኦስትሪያ እንዲያመልጡ የረዳ ሰው ነው። በ1968 ዓ.ም. ሁለቱ፣ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. የተባለው ንጥረ ነገር ሲጨመር የግሉኮስ እገዳ እንደሚላላ ገለጡ። ዛሬ እንደሚታወቀው ግሉኮስ ሲያልቅ ይህ ንጥረ ነገር በሕዋሱ ውስጥ ይበዛል፤ ከአንድ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮም የላክቶስን ጂኖች ሥራ ያፋጥናል። ግሉኮስ በሚገባበት ጊዜ ደግሞ የላክቶስ መግቢያ ይታገዳል። ባክቴሪያው እንግዲህ ወፍጮውን የሚተክለው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ላክቶስ ሲኖርና ግሉኮስ ሲጠፋ።

ፍጻሜው

ሞኖ በ1967 ዓ.ም. የኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር፣ በ1971 ዓ.ም. የፓስተር ተቋም ዋና ዳይሬክተር ሆነ። በ1970 ዓ.ም. ስለ አጋጣሚና ስለ ግዴታ የጻፈው የፍልስፍና መጽሐፍ ብዙ አንባቢና ብዙ ተቃዋሚ አገኘ። ሜይ 31 ቀን 1976 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ፣ የግሪክ ቋንቋ በተማረባት በካን ከተማ ዐረፈ። ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም.፣ የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተመረተ ጊዜ፣ ጂኑ የተገናኘው ከዚሁ ከላክቶስ መቈጣጠሪያ ጋር ነበር። ጥቅም የለውም የተባለው መሥመር ለስኳር ሕመምተኞች መድኀኒት እስከ መስጠት ደረሰ።

ከዚህ ሕይወት ለትምህርት ቤት የሚተርፈው ቁም ነገር ይህ ነው። በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ዝምታ ሥራ የቆመበት ሳይሆን ሕዋሱ የሚሰናዳበት ጊዜ ነበር፤ የሞኖም ወጣትነት እንደዚሁ ነበር። ባክቴሪያዋ ላክቶስን የመመገብን ችሎታ ከላክቶስ አልተማረችም፤ ችሎታው በውስጧ ነበረ፤ የጐደለው ከልካዩ የሚነሣበት ምክንያት ብቻ ነበር። ተማሪ እርግጥ ባክቴሪያ አይደለም፤ ብዙ ነገር ከውጭ መቀበል ያስፈልገዋል። ነገር ግን አንድ ልጅ የዘገየ በመሰለ ጊዜ፣ ችሎታ የለውም ብሎ ከመፍረድ በፊት የከለከለው ምን እንደ ሆነ መመርመር የመምህር ተግባር ነው። ልዎፍ መሥመሩን አይቶ በአንድ ቃል መንገዱን እንዳመለከተው ሁሉ፣ በጊዜው የተነገረ የመምህር ቃልም ከልካዩን ያስነሣ ይሆናል።